ትርፍ ሰው የለም

ጫካ ቡናችንን ሊያይ ወደ ቦንጋ የመጣ አንድ የውጭ አገር ተጓዥ በአንድ ቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ በእንግድነት ተገኝቶ ነበር። ከጸሎት በኋላ ቡና እየጠጣን ስለ ጉዞው ጠየቅነው። ብዙ አወጋን፤ ከሁሉ ይልቅ ያሣቀን ግን ሕንድ አገር የገጠመው ነው። ሙምባይ ከተማ ውስጥ ሻንጣውን አዝሎ ሲሄድ አንድ ሰው አስቆመውና «ነገ ፊልም ትሠራለህ?» አለው። በማግሥቱ የሌላ ሰው ሱፍ ለብሶ፣ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ በብርጭቆ ይዞ፣ ከአንድ ዝነኛ ተዋናይ ጀርባ ቆሞ ዋለ። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። ስሙን የጠየቀውም የለም።

ሣቅን። ከመካከላችን አንድ ወንድም «ምነው እኔን ባገኙኝ! በነጻ እቆምላቸው ነበር» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም አጨበጨብኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ጭብጨባው አብሮኝ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየከነከነኝ ስለ ቆየ ነው ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ። ጠቤ ከሕንድ ፊልም ጋር አይደለም፤ ከተጓዡም ጋር አይደለም። ጠቤ ከእኛ ጋር ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። ሙምባይ የሕንድ ትልቁ የፊልም ከተማ ናት። በደቡቧ ጫፍ ኮላባ የሚባል ሰፈር አለ፤ ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ የተባለው ትልቅ የድንጋይ በርና ታጅ ማሃል ሆቴል የሚገኙበት ነው። ከታጁ ሆቴል ጀርባ ገንዘብ የሌላቸው ተጓዦች የሚያርፉባቸው ቤቶች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው የሳልቬሽን አርሚ ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ማረፊያ ነው። የፊልም ደላሎች እዚያ ደጅ ላይና ሊዮፖልድ በሚባለው ካፌ አካባቢ እየዞሩ ነጭ ፊት ይፈልጋሉ። ታሪኩ ለንደን ውስጥ የሚካሄድ ግብዣ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ወይም የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ዘመን ከሆነ ከኋላ የሚታዩ ነጮች ያስፈልጋሉ፤ ከአውሮፓ ከማስመጣት ደግሞ ከመንገድ ማንሣት ይረክሳል። ተጓዡን በአውቶቡስ ጭነው ጎሬጋዎን ወዳለው ፊልም ሲቲ ወይም ወደ ሌላ ስቱዲዮ ይወስዱታል። ልብስ ይሰጡታል፣ ምሳ ያበሉታል፣ ሙሉ ቀን ያስጠብቁታል። ለረጅም ዓመታት የቀኑ ክፍያ 500 ሩፒ ገደማ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው የፊልም ሰዎች አጃቢ ይሉታል። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው «ኤክስትራ» በሚለው ስሙ ነው። ትርፍ ማለት ነው። ትርፍ የሚለውን ቃል ደግሞ ከቦንጋ ጅማ በሚኒባስ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ወንበር ያልደረሰው፣ በበርጩማ ወይም በጀሪካን ላይ የተቀመጠ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ!» የሚለው ሰው ትርፍ ነው። ሂሳቡን እኩል ይከፍላል፤ እንዲታይ ግን አይፈለግም። የፊልሙ ትርፍ እንዲታይ ይፈለጋል፤ እንዲታወቅ ግን አይፈለግም። ሁለቱም ስማቸው አይጠየቅም።

«ታዲያ ኃጢአት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ያ ተጓዥ አልሰረቀም፣ አልዋሸም። ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ነገ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ለእርሱ የአንድ ቀን ጨዋታ ነው።

ከእናንተም ሆነ ከሽማግሌዎቻችን መካከል «ፊልም ከመጀመሪያውም የዓለም ነው፤ ነገሩን እዚያው ጨርሰው» የሚለኝ አይጠፋም። እርሱንም አልቀበልም። ያው የሳልቬሽን አርሚ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1900 በአውስትራሊያ ሜልበርን ከተማ ስለ ክርስቲያን ሰማዕታት የሚናገር ተንቀሳቃሽ ፊልምና ሥዕል ያለበት ትልቅ ዝግጅት ለሕዝብ አሳይቷል። «የመስቀሉ ወታደሮች» ይባል ነበር። ተዋንያኑ የራሷ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎች ነበሩ፤ ከትዕይንቶቹ የተወሰኑት የተቀረጹትም ቤተ ክርስቲያኒቱ በምታስተዳድረው የሴት ልጆች ማሳደጊያ ግቢ ቴኒስ ሜዳ ላይ ነው። ሕንድ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1978 በቴሉጉ ቋንቋ «ካሩናማዩዱ» የተባለ የጌታን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ተሠርቶ ለብዙ ዓመታት ወንጌላውያን ይዘውት በየመንደሩ ዞረዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን «ኢየሱስ» ፊልም በአንሶላ ላይ ያላየ የገጠር አማኝ ጥቂት ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ጌታን የከበበው ሕዝብ በአብዛኛው በእስራኤል ከሚኖሩ ሰዎች የተሰበሰበ ነበር። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከካሜራ ጋር ከተዋወቀች ቆይታለች። እኔን ያስጨነቀኝ ካሜራ ፊት መቆም ሳይሆን፣ የማያውቁት ታሪክ ውስጥ ስም የለሽ ሆኖ መቆምና ሌላውንም እንዲሁ ማቆም ነው።

ልዩነቱን በአንድ የሕንድ ፊልም ላሳያችሁ። ሪቻርድ አተንቦሮ ያዘጋጀው «ጋንዲ» እ.ኤ.አ. በ1982 ለእይታ በቅቷል። የጋንዲ ቀብር የሚታይበት ክፍል የተቀረጸው እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1981 ዴልሂ ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ቀብር ከተፈጸመ 33 ዓመት በሞላበት ዕለት። ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ተሰለፈ። በዓለም ፊልም ታሪክ ከዚያ የበለጠ አጃቢ የተሰበሰበበት ትዕይንት አልተመዘገበም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊልሙ ውስጥ የቀረው ከሁለት ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ምስል ብቻ ነው። ነገር ግን ይህን ልብ በሉ፤ ከመጡት ውስጥ 200,000 ያህሉ ያለ ክፍያ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ ናቸው። ለምን መጡ? ታሪኩን ስለሚያውቁ። የማን ቀብር እንደሆነ ያውቃሉ፤ ገና ነፍስ ያላወቁት እንኳ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ማንም ስማቸውን ባይጽፈውም ለምን እዚያ እንደቆሙ ለልጆቻቸው መንገር ይችላሉ። ከሕዝብ መካከል አንዱ መሆን ውርደት አይደለም። ውርደቱ «ለምን ቆምክ?» ሲሉህ መልስ ማጣት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቆዳ ነው። ተጓዡ የተፈለገው በችሎታው አይደለም፤ በመልኩ ነው። በመልክ መምረጥ ከተጀመረ ደግሞ ሁሉም መልክ እኩል ቦታ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1983 «ራዚያ ሱልጣን» የተባለ የሕንድ ፊልም ወጥቶ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂን ስለገዛችው ንግሥት ራዚያ ይተርካል። ከአጠገቧ ያቁት የሚባል ሐበሻ ነበረ፤ ከባርነት ተነሥቶ የቤተ መንግሥቱ የፈረስ ቤት አለቃ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። በፊልሙ ያቁትን ሆኖ የተጫወተው ግን ሐበሻ አይደለም። «ሾሌ»ን ያዩ ታላላቆቻችን የሚያውቁት ዳርሜንድራ ነው፤ ቆዳው በቀለም እንዲጠቁር ተደርጎ። ሐበሻው በገዛ ታሪኩ ውስጥ ትርፍ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ «ሱዳኒ ፍሮም ናይጄሪያ» የተባለ ፊልምም አለ። በደቡብ ሕንድ ኬረላ እግር ኳስ ሊጫወት ስለ ሄደ ናይጄሪያዊ ነው። የርእሱ ቀልድ ራሱ ይህን ጉዳይ ይነካል፤ የአካባቢው ሰው ከአፍሪካ የመጣን ተጫዋች ሁሉ «ሱዳኒ» ይለዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ናይጄሪያዊ ሳሙኤል አቢዮላ ሮቢንሰን ከሕንዳውያን ባልደረቦቹ ያነሰ ተከፈለኝ ብሎ በአደባባይ ቅሬታ አሰማ፤ ኋላም ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረው ተስማሙ። ፊልሙ የተወደደ ነው። ቢሆንም ነጭ ተጓዥ ለግብዣ፣ ጥቁር ሰው ለሌላ ነገር እየተመረጠ በሚቆምበት ሰልፍ ውስጥ «በነጻ እቆማለሁ» ያለው ወንድማችን የት እንደሚያቆሙት ያሰበበት አይመስለኝም።

ሐበሻ ሕንድ ውስጥ ከኋላ ብቻ የቆመ አይደለም። ማሊክ አምባር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሕንድ የደረሰ ሰው ነው። የገዙት ለጉልበቱ ነበር። እርሱ ግን የአህመድነጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ፤ ኃያሉን የሙጋል ጦር ለዓመታት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1610 ገደማ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ። ሃይማኖቱ ከእኛ የተለየ ነበር፤ የዮሴፍን ታሪክ የምናነብ ሰዎች ግን ነገሩ አይጠፋንም። ገዢዎች ሸክም የሚችል ትከሻ ሲቆጥሩ፣ እግዚአብሔር በዚያ ልጅ ውስጥ ያስቀመጠውን አላዩም። ከእኛው ከካፋና ከአካባቢዋ ምድርም ስንት ሰው በዚያ መንገድ እንደተነዳ አያቶቻችን ይናገራሉ። ስማቸውን የሚያውቅ ግን የለም።

አሁን ወደ ቦንጋ እንመለስ፤ ሙግቴ ያለው እዚህ ነው።

ከተማችን እያደገች ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት መቀመጫ ሆናለች። ጫካችንን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለን። የቡና መገኛ ናት የምትባለውን ማንኪራን ሊያይ ብዙ ሰው ይመጣል፤ ካሜራም አብሮ ይመጣል። እንግዳ መቀበል የአባቶቻችን ነው፤ ይምጡ። ነገር ግን ረከቦቱን የዘረጋችው እናት፣ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ስትቀዳ «እንደገና! ፈገግ በዪ!» የምትባለው እናት፣ በምስሉ ሥር ምን ተብላ ትጻፋለች? ብዙ ጊዜ «የካፋ ሴት» ነው። ቡናው ስም አለው፤ ጫካው ስም አለው፤ ቆልታ ያፈላችው ግን ስም የላትም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም ይልቅ ማወቅ ነበረብን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። እህልም አስመጣ፤ ስለ እርሱ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ከዚያ በኋላ ግን በብዙ አገር ኢትዮጵያዊ ማለት ስም የሌለው የተራበ ፊት ሆኖ ለዓመታት ኖረ። ወገኖቻችን በውጭ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይቀር ያን ፊት ተሸክመው ተምረዋል። የሰው ምስል ያለ ስሙ ሲዞር ምን እንደሚያደርግ ቀምሰነዋል።

ቀምሰነውም ሳለ እኛው ሌሎችን እናደርገዋለን። ከራሴ ልጀምር።

በአንድ የገና ሰሞን የወጣቶች ኅብረታችን ዘይት፣ ዱቄትና ሳሙና አዋጥቶ አቅመ ደካሞችን ሊጎበኝ ወጣ። ስልክ ይዤ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። አንዲት አረጋዊት እናት ቤት ገባን። ዘይቱን ስንሰጣቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። እኔም «እማማ፣ ነጠላውን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት፤ ፊትዎ አልታየም» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ዘይቱን ስጠኝ፤ ፊቴን ግን ተውልኝ» አሉኝ። ሁላችንም እንደ ቀልድ ሣቅን። ቪዲዮውንም ለቀቅነው። ብዙ ሰው ወደደው፤ «ተባረኩ» የሚል መልእክት ጎረፈ። ከሳምንት በኋላ አንድ ወንድም «እኒያን እናት ልረዳቸው እፈልጋለሁ፤ ማን ይባላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ቤታቸው ገብቼ፣ ፊታቸውን ቀርጬ፣ ጸልየን ስንወጣ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም ነበር።

የሙምባዩ ደላላ ቢያንስ 500 ሩፒ ከፍሏል። ተጓዡንም «ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆታል። እኔ አልጠየቅኩም። የእኚያን እናት ድህነት የእኛ ደግነት ከፊቱ የሚደምቅበት መጋረጃ አደረግሁት። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ አበው፤ የሰው ድህነት ያደምቀናል ብለን ያሰብን እኛ ምን እንባላለን?

አውቃለሁ፤ መልስ አላችሁ። «ለራሳችን አይደለም፤ ሌላው ተነሣሥቶ እንዲሰጥ ነው» ትላላችሁ። ጥሩ ነው። እንግዲያው የዘይቱን ካርቶን ቅረጹ፤ የተሰበሰበውን ገንዘብ ልክ ተናገሩ፤ የራሳችሁን እጅ አሳዩ። ሰው የሚነሣሣው የተቸገረን ሰው ዓይን ሲያይ ብቻ ከሆነ ያስተማርነው መስጠትን ሳይሆን መመልከትን ነው። ጌታም በተራራው ስብከቱ ቀኝ እጅ የምታደርገውን ግራ እጅ እንዳታውቅ ሲያዝ (ማቴዎስ 6) ስልክ የያዘውን ሦስተኛ እጅ ነጻ አላወጣውም።

«ተስማምተዋል እኮ» ትላላችሁ። የተራበ ሰው ዘይት በያዘ ሰው ፊት እንዴት እምቢ ይላል? እኚያ እናት ግን እምቢ ብለው ነበር። በትሕትና፣ በነጠላቸው፣ በቃላቸውም እምቢ አሉ። ያልሰማነው እኛ ነን።

«ለጌታ ክብር ነው» ትላላችሁ። እዚህ ላይ እቆጣለሁ። የእግዚአብሔር ክብር በአምሳሉ የተፈጠረውን ሰው በማሳነስ አይሠራም። እርሱ ክብሩን ለመግለጥ ትርፍ ሰው አያስፈልገውም።

ነገሩ በቪዲዮ ቢያበቃ ደግ ነበር። የትንሣኤ ድራማችንን አስቡ። መሪ ቦታውን የሚያገኘው ማን ነው? መልከ መልካሙ፣ አማርኛው የቀና፣ የከተማው ልጅ። ከገጠር የመጣው፣ ሲናገር የካፊ ኖኖ ቃና የሚሰማበት ወንድም ምን ይሆናል? ሕዝብ። ከኋላ ቆሞ «ስቀለው!» ብሎ የሚጮኽ ሕዝብ። በየዓመቱ ያው ሰው ይጮኻል፤ በየዓመቱ ያው ሰው ይሰብካል። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ሕዝብ ሆኖ የሠራ ወንድም በኅብረታችሁ የለም? ስሙንስ ከነአባቱ ታውቁታላችሁ?

ከዚህም ከፍ ያለ አለ። ብናገረው የሚቀየም ይኖራል፤ ካልተናገርኩት ግን ይህ ሁሉ ጽሑፍ ከንቱ ነው። በካፋ ምድር ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉን። በአደን ኖረዋል፤ እንጨትና ከሰል ተሸክመው ወደ ገበያችን ሲወጡ እናያቸዋለን። ለብዙ ትውልድ ሌላው ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አልተቀመጠም፤ ከቤቱ አላስገባቸውም፤ ልጁን አልዳረላቸውም። ይህ ነገር ሞቷል የሚል ሰው የሚኖረው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ወንጌል ሲመጣ ብዙዎቹ የሰሙት አንድ ታላቅ የምሥራች ነበር፤ በክርስቶስ አንድ አካል እንደሆንን። አምነው መጡ። እኛስ? በኮንፈረንስ ቀን «ከሁሉም ወገን የመጣ ሕዝብ አለን» ብለን ፎቶ ስንነሣ ፊታቸውን እንፈልጋለን። ቡናው ሲፈላ፣ ስኒው ሲዞር፣ እንጀራው ሲቀርብ ደግሞ ዓይናችን ሌላ ቦታ ያያል። ይህ ምንድን ነው? ለምስሉ ይፈለጋሉ፤ ለማዕዱ አይፈለጉም። ሙምባይ ውስጥ እንኳ አጃቢው ምሳ ይበላል።

«ባህል ነው፤ ቀስ በቀስ ይለወጣል» የምትሉ አላችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን ፊት ለፊት የተቃወመው በምን ምክንያት ነበር? ከአሕዛብ ወገኖች ጋር ይበላ የነበረው ሰው፣ የሚያዩት ሲመጡ ከማዕዱ ስላፈገፈገ ነው (ገላትያ 2)። ጳውሎስ ቀስ በቀስ አላለም። የማዕድ ጉዳይ የወንጌል ጉዳይ መሆኑን በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተናገረ። ከጴጥሮስ ጋር ያላለፈ ሰበብ ከእኛ ጋር አያልፍም።

አሁን ወንጌሉን ግለጡና ጌታ ከኋላ የቆሙትን እንዴት እንደተመለከተ እዩ። ማርቆስ 5 ላይ ሕዝቡ ሲያጋፋው አሥራ ሁለት ዓመት የታመመች ሴት ከኋላ መጥታ ልብሱን ነካች። ደቀ መዛሙርቱ ያዩት ሕዝብ ብቻ ነበር፤ ይህ ሁሉ ሰው እየገፋህ የነካህን ትጠይቃለህን አሉት። እርሱ ግን ቆመ። የምኵራብ አለቃው ልጅ እየሞተች፣ ጉዞው እየተቻኮለ፣ ስለ አንዲት ሴት ቆመ። እውነቷን ሁሉ እስክትነግረው ሰማት፤ ልጄ ብሎም ጠራት። ሰው ሁሉ እንደ ሕዝብ ያያትን እርሱ እንደ ልጁ አያት።

የሐዋርያት ሥራ 8ን እዩ። በሰማርያ ትልቅ መነቃቃት ነበር፤ ሕዝብ በሕዝብ ላይ ይጨመር ነበር። ጌታ ግን ፊልጶስን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንሥቶ ወደ ምድረ በዳ መንገድ ሰደደው፤ ለአንድ ተጓዥ፤ ለአንድ ኢትዮጵያዊ። ፊልጶስም ከሰረገላው አጠገብ ሮጦ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው፤ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ። ኢትዮጵያዊውም አላፈረም፤ ይህ ስለ ማን ነው ብሎ መልሶ ጠየቀ። ታሪኩን ሳያውቅ ወደ ውኃው አልወረደም።

ስለ ተጓዥ ከተነሣ ግን ልቤን የሚነካው የቀሬናው ስምዖን ነው (ማርቆስ 15)። ከአፍሪካ የመጣ ሰው ነው። ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ወታደሮች ከመንገድ ይዘው መስቀል አሸከሙት። ከዚያ የበለጠ ድንገተኛ አጃቢ የት አለ? ለሮማውያን ጉልበት ያለው ትከሻ ብቻ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ የሚለቁት ትርፍ ሰው። ወንጌላዊው ግን ስሙን ጻፈ። አገሩን ጻፈ። አልፎ ተርፎ የልጆቹን ስም ጻፈ፤ አሌክስንድሮስና ሩፎስ። ወታደሮቹ ስማቸው አልተጻፈም። ያስቆሙት ተረሱ፤ የቆመው ተመዘገበ። የጌታ መጽሐፍ ሰውን እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ የእኛስ ስልክ?

ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ የምለምናችሁ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ቀላል አይደለም።

አንድ ሰው ካሜራ ይዞ «ቁሙልኝ» ሲላችሁ አትሩጡ፤ አትሽሹም። ታሪኩ ስለ ምንድን ነው? እኔ በውስጡ ማን ነኝ? ስሜስ ይጻፋል? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ደስ ካላችሁ ቁሙ፤ ዋጋችሁንም ተቀበሉ፤ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና። መልስ ከሌለው ግን ፊታችሁን አታውሱ።

ስልኩን የያዛችሁት እናንተ ስትሆኑ እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች ራሳችሁ መልሱ። ከመቅረጻችሁ በፊት ስም ጠይቁ። ነጠላውን የሳበ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ስልኩን ኪስ ክተቱ። ልጆችን ደግሞ ወላጆቻቸውን ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ።

በሚቀጥለው ድራማ ቦታውን በዕጣ አከፋፍሉ። ጌታን የሚጫወተው ልጅ አማርኛው ቢሰባበር ምን ይሆናል? ጌታስ በገሊላ አነጋገር አልነበረም የሚናገረው? ካስፈለገም ድራማውን በካፊ ኖኖ ሥሩት፤ ያን ጊዜ ከኋላ ይቆም የነበረው ከፊት ይቆማል፤ የከተማው ልጅ ደግሞ ሕዝብ መሆንን ይማራል።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ሲፈላ ከማን አጠገብ እንደምትቀመጡ አስተውሉ። በአንድ ትሪ ላይ፣ በተመሳሳይ ስኒ፣ ከማንጆ ወንድማችሁ ጋር አቦልም ቶናም በረካም ጠጡ። ፎቶ አትነሡ። ማንም አይወቅ። ቤቱ ቢጠራችሁ ሂዱ፤ ያቀረበላችሁንም ብሉ። የሚቀየም ዘመድ ካላችሁ ይቀየም፤ የጳውሎስንና የጴጥሮስን ነገር ንገሩት።

የሙምባዩ ተጓዥ በፊልሙ ውስጥ የት እንደታየ አያውቅም። ምናልባት ተቆርጦም ይሆናል። በጌታ ቤት ግን ተቆርጦ የሚወድቅ ሰው የለም፤ ከተባለው ቦታ ዘግይቶ የደረሰውም፣ ከኋላ የቆመውም፣ ጎንበስ በል የተባለውም ስሙ ተጠርቶ ይገባል። እዚያ ሲጠሩ የምንሰማቸውን ስሞች እዚህ ሳንጠይቃቸው ብንሄድ ምን እንላለን?

በመጨረሻ፣ እኚያ እናት ዘንድ ተመልሼ ሄጃለሁ። ቪዲዮውን አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታም ጠይቄአለሁ። ቡና አፍልተው አጠጡኝ። ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ ከነአባታቸው ነገሩኝ። እዚህ ልጽፈው ብዙ ፈለግሁ። ግን አላስፈቀድኳቸውም።